ከስንብት ደብዳቤ እስከ አዲስ ደመወዝ፦ ሥራ ያጣ ሰው ኑሮውን የሚያረጋጋበት ቅደም ተከተል

ሥራውን ያጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ይሉታል፤ «በዚያው ንግድ ጀምር» ይሉታል፤ «ዱባይ ያለችው የአክስትህ ልጅ ትሳብህ» ይሉታል። ሁሉም ከልብ የተነገረ ነው። ነገር ግን ነገ ጠዋት ተነሥቶ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ የሚነግረው ሰው እምብዛም አይገኝም።

እኔ በግል ድርጅቶች የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። የስንብት ደብዳቤ ከሚጽፉት ወገን ነበርሁ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ፦ ሰዎች ነገሩን የሚያደርጉት ከኋላ ወደ ፊት ነው። የቤት ዕቃ መሸጥን፣ አገር መልቀቅን፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስወጣትን የመሰለ ከባድ ውሳኔ በመጀመሪያው ሳምንት ይወስናሉ። የቀን ገደብ ያለበትን፣ ቢዘገይ የማይመለሰውን ጉዳይ ግን ወራት ካለፉ በኋላ ያነሡታል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል የተጻፈ ነው። የሚናገረው በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ በግል ድርጅት ተቀጥረው ሲሠሩ ስለቆዩ ሰዎች ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው፤ «የሥራ መሪ» የሚባሉ ኃላፊዎችም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይመለከታቸውም።

ደረጃ 1፦ ሳይፈርሙ ያንብቡ

ደብዳቤው በእጅዎ ሲገባ የሚፈለግብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብ። ሁለት ቦታ ላይ ትኩር ብለው ይመልከቱ፦ የስንብቱ ምክንያት ምን ተብሎ እንደተጻፈና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና። ምክንያቱ «የሠራተኛ ቅነሳ» ከሆነ፣ «ድርጅቱ በመዘጋቱ» ከሆነ፣ ወይም «በዲሲፕሊን ጥፋት» ከሆነ የሚገባዎት ገንዘብ በእጅጉ ይለያያል። በሕግ በታወቀ ከባድ ጥፋት ያለማስጠንቀቂያ የተሰናበተ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ አያገኝም። ስለዚህ ያልፈጸሙት ጥፋት በደብዳቤው ላይ ከተጻፈ ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው።

ደብዳቤውን መቀበልዎን ለማረጋገጥ ፈርሙ ቢባሉ መፈረም ይችላሉ። ከፊርማዎ አጠገብ ቀኑንና «መድረሱን ለማረጋገጥ ብቻ» የሚል ቃል በእጅዎ ይጨምሩ። የሚቆጣ አለቃ ይኖር ይሆናል፤ ይቆጣ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ድርጅቶች ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርተው «ስምህ እንዳይበላሽ በራስህ ፈቃድ መልቀቂያ ብታስገባ ይሻላል» ይላሉ። አነጋገሩ የወንድምነት ነው፤ ሻይም ሊቀርብ ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው በመሠረቱ ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። 4 ዓመት ከ10 ወር የሠራ ሰው ያቺን አንዲት ገጽ መልቀቂያ ሲጽፍ የስንብት ክፍያውንም፣ በቅነሳ ቢሆን ያገኘው የነበረውን ተጨማሪ ክፍያም፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ የመክሰስ ዕድሉንም አብሮ ያስረክባል። መልቀቂያ እንዲጽፉ የሚለምንዎት ድርጅት ደብዳቤውን ራሱ የማይጽፍበት ምክንያት እንዳለው ይገመታል። «አስቤበት ልምጣ» ብለው ይውጡ። ለዚህ መልስ ማንም ሊቀጣዎት አይችልም።

ደረጃ 2፦ የሚገባዎትን ገንዘብ ራስዎ ያስሉ

የሒሳብ ክፍሉ እስኪነግርዎት አይጠብቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና እስከ 1 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ1 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ያገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ የሆነ 3 ወር። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ 2 ወር ነው። በዚህ ጊዜ እየሠሩ ደመወዝ ያገኛሉ።

ቀጥሎ የስንብት ክፍያ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት በመጨረሻው ሳምንት የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ከሆነ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይቀላል። የወር ደመወዝዎ 12,000 ብር ነበር እንበል፤ ለስሌት እንዲመች የቀኑን 400 ብር እንያዘው። 4 ዓመት አገልግለው በቅነሳ ተሰናበቱ። የመጀመሪያው ዓመት 12,000 ብር ነው። የቀሩት ሦስት ዓመታት እያንዳንዳቸው 4,000፣ በድምሩ 12,000 ብር። ይህ 24,000 ሆነ። ለቅነሳው የሚታከለው 60 ሲባዛ በ400፣ ሌላ 24,000 ብር። ጠቅላላው 48,000 ብር ነው፤ የገቢ ግብር ይቆረጥበታል። ድርጅቱ 24,000 ብር ብቻ አስልቶ ቢያቀርብልዎት የትኛው መስመር እንደጎደለ አሁን ያውቃሉ።

ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይለወጣል። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። ዕረፍት ሲጠይቁ «ሥራ በዝቷል፣ በኋላ ትወስዳለህ» የተባሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይካሳሉ።

ከዚያ ቀኖቹን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡ። አሠሪው የሚገባዎትን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። ከስንብቱ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። «ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመጣ እናየዋለን» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ የሚባክነው ከእነዚህ ወራት ላይ ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ የጠበቃ አቅም የሌለው ሰውም በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ስር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ወይም በድርጅቱ ካለ የሠራተኛ ማኅበሩን ማነጋገር ይችላል።

ሲወጡ ይዘዋቸው የሚወጡ ወረቀቶች፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ የጡረታ መለያ ቁጥር ያለበት ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የንብረት ርክክብ የተፈራረሙበት ሰነድ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የሠሩትን ሥራ፣ የቆዩበትን ጊዜና ደመወዝዎን መግለጽ አለበት። ስለ ጡረታው አይሥጉ። ከደመወዝዎ ሲቆረጥ የነበረው 7 በመቶና አሠሪው የጨመረው 11 በመቶ አይጠፋም፤ በሌላ ድርጅት ሲቀጠሩ አገልግሎቱ ይያያዛል። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ስለሚጠይቅ ቁጥሩን መጠበቅ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። አሠሪው ቆርጦ ገቢ ማድረጉንም በዚህ አጋጣሚ ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ይናገሩ

ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ የሚወጣ አባወራ ታያላችሁ። ወደ ታክሲው ይገባል፤ ቢሮው ግን የለም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በአንድ ማኪያቶ ካፌ ውስጥ ይቆያል፣ ካልሆነም የሚያውቀው ሰው በማይኖርበት ሰፈር ይዞራል፤ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ይመለሳል። ይህን ያደረጉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ወር አልፏቸዋል። ያስከፈላቸው የታክሲና የማኪያቶ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሚስት ሳታውቅ የልጅ ልደት ደግሳለች፤ ባል ሳያውቅ ለወንድሙ ቃል ገብቷል። ነገሩ ሲገለጥ ደግሞ ቤቱን ያስቀየመው ሥራው መጥፋቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል።

አነጋገሩ ረጅም መሆን የለበትም። ልጆች ከተኙ በኋላ ቁጭ ብለው፦ «ከሥራ ተሰናብቻለሁ። የሚከፈለኝ ይህን ያህል ነው። ለዚህን ያህል ወር ያደርሰናል። ነገ ወጪያችንን አብረን እንጽፋለን» ይበሉ። ከቁጥር ጋር የተነገረ መጥፎ ዜና ያለ ቁጥር ከተነገረው ይቀላል፤ ሁለተኛውን ደረጃ ያስቀደምሁትም ለዚህ ነው። ለትልልቅ ልጆችም ይነገራቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ የሚንሾካሾኩበትን ነገር ሞት ወይም ፍቺ አድርጎ ይተረጉመዋል። ወላጆችዎ አረጋውያን ከሆኑና በየወሩ የሚልኩላቸው ገንዘብ ካለ፣ ሳይላክ ከቀረ በኋላ ከማስረዳት በፊት ደውሎ መንገር ይሻላል።

ለጎረቤትና ለወዳጅ እንዴት እንደሚነገር ግን የራስዎ ምርጫ ነው። ለሁሉም አይነገር። ሥራ ሊያገናኝ ለሚችል ሰው ግን ዝምታ አይጠቅምም።

ደረጃ 4፦ የገንዘቡን ዕድሜ ይወቁ

በእጅ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ይደምሩ። የወር ወጪን ከልብስ እስከ ካርድ ድረስ ይጻፉ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ወር ነው። 48,000 ብር ያለውና በወር 14,000 ብር የሚያወጣ ቤተሰብ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን አለው። ወጪውን ወደ 10,000 ያወረደ ወደ አምስት ወር ይጠጋል። ሥራ ፍለጋ ላይ ያ ልዩነት ያገኙትን የመጀመሪያ ሥራ በግድ በመያዝና የሚሻለውን በመጠበቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከየት ይቀነሳል? ከምግብ ዓይነት እንጂ ከምግብ መጠን አይጀምሩ። ጤፍ በኪሎ እየገዙ ከመጨረስ፣ ገንዘቡ በእጅ ሳለ በርከት አድርጎ ገዝቶ ማስፈጨት ያዋጣል። ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ማኅበር፣ አትክልት ከእሁድ ገበያ። በዓል ሲመጣ በግ መግዛት ቀርቶ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት፣ እርሱም ካልሆነ በዶሮ መዋል ማንንም አላዋረደም። በቤት ሠራተኛ ጉዳይ ከልብ ይታሰብበት፤ እርሷም ሰው ናት፤ ማሰናበት ግድ ከሆነ አስቀድሞ ተነግሯት፣ የሠራችበት ተከፍሏት፣ ሌላ ቤት ተፈልጎላት ይሁን። ዛሬ እርስዎ ላይ የደረሰውን በማግስቱ በባሰ መልኩ በሌላ ላይ መፈጸም ደስ አይልም።

በዚህ ወቅት አንድ ነገር አያድርጉ። የስንብት ክፍያ በእጅ እንደገባ ዘመድ ሁሉ የንግድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ባጃጅ በጋራ እንግዛ፣ ሱቅ እንክፈት፣ ለሁለት ወር ብቻ አበድረኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ሌላ ገቢ እስኪገኝ ድረስ ያ ገንዘብ የቤት ኪራይና የእንጀራ ነው። ንግድ መጀመር ከፈለጉ ገንዘቡን ሳይነኩ በጉልበትዎ የሚሞከረውን በትንሹ ይሞክሩ። በሰው ሱቅ ለአንድ ወር ቆመው ሳይሸጡ የራስዎን ሱቅ አይክፈቱ።

ደረጃ 5፦ ዕቁብ፣ ዕድርና ዕዳ

ዕድር አያቋርጡ። የወር መዋጮው ትንሽ ነው፤ ከአባልነት ቢሰረዙና ቤት ውስጥ ሐዘን ቢገባ የሚያስወጣዎት ግን ብዙ ነው። በዚያ ላይ ድንኳኑና ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ሰዉ ነው።

ዕቁብ ግን ሁለት መልክ አለው። ገና ዕጣ ያልደረሰዎት ከሆነ ያጠራቀሙት ገንዘብ እዚያ አለ። ከሚጣልበት ቀን በፊት የዕቁቡን ዳኛ ለብቻ አግኝተው ችግሩን ይንገሩት። ብዙ ዕቁቦች ችግር ለደረሰበት አባል ዕጣ ያስቀድማሉ፤ ወይም ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን እንዲለውጥልዎት ዳኛው ያግባባል። ነገር ግን ዕጣውን ወስደው ከዚያ በኋላ መጣል ቢያቅትዎት ለዋስዎ ሌላ ችግር ፈጠሩ ማለት ነው። ስለዚህ ዕጣው ሲወጣ በመጀመሪያ የቀሪዎቹን ሳምንታት መጣያ ለብቻ አስቀምጠው የተረፈውን ብቻ እንደ ገንዘብ ይቁጠሩ። ዕጣ አስቀድመው የበሉ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ለዋስዎ ይንገሩ። ዋስ ነገሩን ከዳኛው አፍ መስማት የለበትም።

ለዕቁብ ወይም ለብድር መያዣ ብለው ቼክ ሰጥተው ከሆነ ይህ ከሁሉ ይቅደም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው፤ «መያዣ ብቻ ነበር» የሚለው ማስረጃ ከሌለው ብዙ አያስኬድም። ቼኩን ይዞ ያለውን ሰው አነጋግረው በጽሑፍ የክፍያ ጊዜ ይስማሙ።

የባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ያለበት ሰው አንድም ወር ሳያሳልፍ ወደ ቅርንጫፉ ይሂድ። የስንብት ደብዳቤውን ይዘው የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም በማመልከቻ ይጠይቁ። አበዳሪ ሁሉ የሚጠላው የተቸገረውን ሳይሆን ስልክ የማያነሣውን ነው። አራጣ ግን አይንኩ። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ የተከለከለ መሆኑ አይከላከልልዎትም፤ ሰነዱ ሲጻፍ ወለዱ በዋናው ገንዘብ ውስጥ ተደብቆ ይጻፋልና። በስልክ የሚገኙት ትንንሽ የዲጂታል ብድሮችም ገቢ ላለው ሰው የታሰቡ ናቸው፤ ገቢ የሌለው ሰው አንዱን በሌላው ሲከፍል ይከርማል።

ደረጃ 6፦ ኪራይ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና

የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ የሰጠውን ጥበቃ ይወቁ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዝቅተኛው የውል ዘመን 2 ዓመት ነው፤ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ጭማሪም እንደፈለገ አያደርግም። አዋጁ ኪራይ ላልከፈለ ሰው ግን ጋሻ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ርካሽ ቤት መዛወር የሚያስፈልግ ከሆነ ገንዘቡ ሳያልቅ ይሁን። ለዕቃ ጫኝ፣ ለደላላና ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ውድ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ያልቅበታል።

ልጅ የግል ትምህርት ቤት ካለ በዓመቱ መካከል ከማስወጣት በፊት ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ የሩብ ዓመቱን ክፍያ በወር ከፋፍለው የሚቀበሉ አሉ። ለመጪው ዓመት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ማዛወር ነውር አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የምገባ ፕሮግራም ተጠቃሚ ናቸው፤ ለሁለት ልጆች ሲታሰብ ከወር ወጪ ላይ የሚቀንሰው ቀላል አይደለም።

ድርጅቱ ያሳክምዎት ከነበረ ያ ቀርቷል። ወረዳዎ ሄደው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቁ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህን ለነገ አይበሉ።

ደረጃ 7፦ ቀኑን መልክ ማስያዝ

ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ የሚቀረው ችግር ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ ስልኩ አይጠራም። ሰው የሚጎዳው በዚህች ሰዓት ነው። ሥራ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ የሚነሡበት ሰዓት፣ የሚቀልዱበት ጓደኛ፣ «አቶ እገሌ» የሚያሰኝ ስም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳያቋርጡ መያዙ ነው ከባዱ። በሥራ ዘመን በሚነሡበት ሰዓት ይነሡ። ጠዋቱን ለሥራ ፍለጋ፣ ከሰዓት በኋላውን ለቤትና ለሰውነት ይመድቡ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ በማለዳ የሚሮጠው ሰው ሁሉ አትሌት አይደለም፤ ከፊሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ መውጣት ግን በነፃ ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሲንጠባጠብ የከረመውን ቧንቧ ማስተካከል፣ ለእናት ደጅ መጥረግ፣ እነዚህ ሁሉ ቀኑን ይይዙታል። ጫትና መጠጥ ግን ቀኑን እንደሚያሳጥሩ ሁሉ ገንዘቡንም ያሳጥሩታል። ከሰዓት በኋላ በጫት የጀመረ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ጠዋት አይነሣም፤ ያን ሳምንት ቃለ መጠይቅ ቢጠራ በምን ፊት ይቀርባል?

የንስሐ አባት ያለው ያማክር፤ የመስጊድ ኢማም የሚቀርበው ሰውም እንዲሁ። የሚሰማ ሰው ማግኘት ራሱ ግማሽ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ሐዘኑ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋ፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ይህ ድብርት የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይ። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ያውቀዋል። ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ አለ፤ የሚታከሙት ግን እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሰዎች ናቸው። ፀበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ የመጣበት ወይም ያንን ሲናገር የተሰማ ሰው ደግሞ ብቻውን መተው የለበትም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ደረጃ 8፦ ሥራ ፍለጋ እንደ ሥራ

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ቆመው የሚያነቡ ሥራ ፈላጊዎች ዛሬም አሉ፤ ማስታወቂያው ግን በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ቻናሎችና ወደ ሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች ሄዷል። ሁለቱንም ይጠቀሙ። በወረዳዎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በእኛ አገር ሰው የሚቀጠረው በሰው ነው። ይህን «ዘመድ ከሌለህ አትቀጠርም» ብለው የሚያማርሩበት ብዙዎች ናቸው፤ ምሬቱ ግማሽ እውነት አለው። ቀጣሪ ክፍል ውስጥ ሆኜ ያየሁት ግን ብዙውን ጊዜ ክፍት ቦታ ሲኖር ኃላፊው ለሠራተኞቹ «የምታውቁት ጥሩ ሰው አለ?» እንደሚል ነው። በዚያች ሰዓት ስምዎ የሚነሣው ሥራ እየፈለጉ መሆንዎን የሚያውቅ ሰው እዚያ ካለ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በፊት አብረዋቸው የሠሩ ሰዎችን ስም ይዘርዝሩ፤ ከደንበኛና ከዕቃ አቅራቢ ጀምሮ። ሲደውሉ «ሥራ ፈልግልኝ» አይበሉ፤ ይህ ሰውን ያስጨንቃል። «በግዥ ሥራ 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጨረታ ሰነድ አዘጋጃለሁ፤ እናንተ ጋ ወይም የምታውቀው ቦታ እንዲህ ያለ ሰው ቢፈለግ አስታውሰኝ» ይበሉ። ሰሚው ለሌላ ሰው ሊደግመው የሚችለው ዐረፍተ ነገር ነው። ሲቪውን በዚያው ዕለት ይላኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሱት፤ ከዚያ ይተዉት።

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይለፍ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን ሁሉም ጽፎታል፤ የሚያነበው ሰው ዓይኑን አያሳርፍበትም። የሠሩትን ይጻፉ፦ ስንት ሠራተኛ ይመሩ ነበር፣ በየትኛው የሒሳብ ሶፍትዌር ይሠራሉ፣ ምን ያህል ቅርንጫፍ ይቆጣጠሩ ነበር። ለምን እንደለቀቁ ሲጠየቁ «ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ» ብለው ይለፉ። የቀድሞ አለቃን ማማት ከጀመሩ ቃለ መጠይቁ እዚያው አልቋል።

ለሥራ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ፤ ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ ለማስያዣ ቢል። ወደ ውጭ ለመሄድ የወሰነም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል በታወቀ የሥራ ውል ይሂድ። ሰፈር ውስጥ የሚዞረው ደላላ ቪዛውን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያውቅም።

ዝቅ ባለ ደመወዝ ሥራ ቢገኝስ? ብዙ ሰዎች «ካንዴ ከወረድሁ አልወጣም» ብለው እምቢ ይላሉ። እኔ እንቀበለው ባይ ነኝ፤ ሆኖም ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ሰዓት የሚተርፍ ከሆነ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ለሰፈር ሱቆች መዝገብ ቢይዝ፣ መምህር ማታ ማታ ቢያስጠና፣ ሹፌር በቀን ሒሳብ ቢሠራ የገንዘቡ ዕድሜ ይረዝማል፤ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይኖረዋል።

ደረጃ 9፦ አዲሱ ሥራ ከተገኘ በኋላ

የቅጥር ደብዳቤውን ሳያገኙ ሥራ አይጀምሩ፤ የሙከራ ጊዜ ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ብሎ ያለማስጠንቀቂያና ያለስንብት ክፍያ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ እስኪያልቅ ድረስ የወር ወጪው በችግሩ ጊዜ እንደነበረው ይቀጥል፤ ወደ ቀድሞው ቤት መመለስም፣ አዲስ ዕቁብ መግባትም ይቆይ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ለአዲሱ ድርጅት በመጀመሪያው ሳምንት ይስጡ።

ከመጀመሪያው ደመወዝ የዕቁብ ዋስዎ የከፈለልዎትን ይመልሱ፤ ቀጥሎ የዘመድ ብድር፣ ከዚያ የባንኩ። ከሚቀረው ላይ የአንድ ወር ወጪ እስኪሞላ ድረስ በየወሩ ጥቂት ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይግባ፤ ሲሞላ ወደ ሁለት ወር፣ ከዚያም ወደ ሦስት። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የጭማሪ ደብዳቤዎችንና የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶችን ቅጂ ደግሞ ቢሮ ባለው መሳቢያ ሳይሆን ቤት ያስቀምጡ።